ሁለት ዓይነት እሽግ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 ውስጥ፣ ከድሬዳዋ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች ይባላል። መተዳደሪያዋ እንጀራ ነው። ቀን ምጣድ የሚያስጥድ አገር ስላልሆነ ሌሊት ትጋግራለች፣ ጠዋት ለምግብ ቤቶች ታደርሳለች። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ለራሷና ለቅርብ ሰዎቿ የሚሆን ጠላ ትጥላለች። ጌሾውንና ብቅሉን የሚያመጡላት በጋላፊ በኩል የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው።

አብሯት የእህቷ ልጅ ይኖራል። ልጁ ትራንዚተር ነው፤ በዶራሌ ወደብ የሚገባ ዕቃ ወረቀቱ ተሟልቶ እንዲወጣ ሲሯሯጥ የሚውል። ለትራንዚተር ዓለም የቀን ጉዳይ ናት። መርከቡ የደረሰበት ቀን አለ፣ ያለ ክፍያ ማቆያው የሚያበቃበት ቀን አለ፣ ከዚያ ወዲያ ዲመሬጅ የሚሉት የመዘግየት ክፍያ ይቆጥራል። መድኃኒቱም፣ የዱቄት ወተቱም፣ የራሱ የመኖሪያ ፈቃድም ቀን አላቸው። አንድ ቀን ያለፈው አልፎበታል፣ አንድ ቀን የቀረው ደህና ነው። አይፈረድበትም፤ ደመወዝ የሚከፈለው ይህቺን መስመር እንዳይስት ነው።

ታዲያ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ የቤት ዕቃውን ሲያከፋፍል ለልጁ የቢራ መጥመቂያ ደረሰው። ክዳኗ ላይ ውሃ የሚሞላባት ጠማማ ቱቦ የተሰካች ነጭ ባልዲ፣ ሁለት ቆርቆሮ ወፍራም የብቅል ጭማቂ፣ በፈረንጅ ቢራ የጌሾን ቦታ የሚይዘው ሆፕስ፣ ሁለት እሽግ ደረቅ የቢራ እርሾ። እሽጎቹ ትንንሽ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 11 ግራም ተኩል። ልጁ ሁሉንም ሳያይ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው እሽጎቹ ጀርባ ላይ በታተመው ቀን ነው።

«ይሄ ኤክስፓየር አድርጓል» አለና ወደ ቆሻሻው ወረወራቸው።

ሴትዮዋ አነሳቻቸው። «የት ተቀምጦ ነበር?»

«ፍሪጅ ውስጥ። ምን ይፈይዳል? ሁለት ዓመት አልፎታል እኮ፣ አክስቴ። አታይም እንዴ?»

«ስንት ዓመት እንዳለፈው ሳይሆን የት እንደነበረ ነው የጠየቅኩህ» አለችና ፍሪጇ ውስጥ፣ ከሚጥሚጣው ከረጢት አጠገብ ወሸቀቻቸው። (ድሬዎች አንቱታ አያበዙም፤ ልጁ ቢቆጣም ባይቆጣም አክስቱን አንቺ ነው የሚላት።)

ልጁ ማርሴይ ላለ ጓደኛው ደወለና አዲስ እርሾ አስላከ። ጓደኛው ብልሃት መስሎት ሦስት እሽግ መለዋወጫ ዕቃ የሚጫንበት ኮንቴይነር ውስጥ አስገባለት። ኮንቴይነሩ ሐምሌ ላይ ደረሰ። አንድ ሰነድ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሌላው ጋር አልገጠመምና ሳምንታት ሜዳ ላይ ቆመ። ሐምሌ ጅቡቲ ውስጥ ምን እንደሆነ ለኖረበት መንገር ድካም ነው፤ ላልኖረበት ግን፣ ጥላ ሥር ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኻምሲን ከምድረ በዳው ተነሥቶ አሸዋውን ይዞ ይገባል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ የብረት ሣጥን ውስጡ 50 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። እሽጎቹ እዚያ ውስጥ ከረሙ። ሲወጡ ግን ወረቀታቸው ንጹሕ ነበር፦ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ሊያልቅ ገና 14 ወር ይቀረዋል።

ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ በነሐሴ አንድ ምሽት ተጀመረ። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ስለሚል የጠርሙስ ውሃ ተገዛ። የብቅሉ ጭማቂ ከሆፕሱ ጋር ለአንድ ሰዓት ተንተከተከ፣ ድስቱ በረዶ የሞላ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ ቀዘቀዘ፣ 20 ሊትር ሆኖ ወደ ባልዲው ተገለበጠ። ልጁ አንዱን አዲስ እሽግ ሊቀድ ሲል ሴትዮዋ ብርጭቆ አቀረበችለት።

«እስቲ አስቀድመህ ትንሽዋን ሞክራት።»

«ለምን? ቀኑ ገና ነው።»

«ጥንስሱ ሳይነሣ እንኩሮ የምትጨምር ሴት አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አቦ አክስቴ! ይሄ ጠላ አይደለም፤ ፋብሪካ ነው የሠራው።»

ቀደደው፣ በተነው፣ ከደነው። ባልዲውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ቬንቲሌተር አዞረበት፤ ይህን እንኳ ደህና አድርጎ ያውቃል፣ ኻምሲን ሲነፍስ አየሩ ደረቅ ስለሆነ እርጥብ ጆንያ በእርግጥ ያቀዘቅዛል። ከዚያ የቱቦዋን ውሃ ይጠባበቅ ጀመር። እርሾው ሥራ ሲጀምር የሚወጣው ጋዝ በዚያች ውሃ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

ጠዋት ዝም። ማታ ዝም። በማግስቱ መብራት ለሦስት ሰዓት ጠፋ፤ ልጁ ጥፋቱን በመብራቱ አመካኘ። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ከፈተ። የተጨማደደ ነጭ ስስ ሽፋን ላዩ ላይ ተዘርግቷል፣ ሽታው ኮምጣጤ ነው። ሃያውም ሊትር ወደ ቦይ ተደፋ። ሴትዮዋ «ባልዲውን በደንብ እጠበው» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰችም፤ ይህ ዝምታ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

ሁለተኛው ቆርቆሮ ሊከፈት ሲል ብርጭቆዎቹን የደረደረችው እሷ ነበረች። አራት ብርጭቆ፤ ሁለቱ ቀናቸው ላላለፈ፣ ሁለቱ ቀናቸው ለተቃጠለ። ፈልቶ የበረደ ውሃ ለብ አድርጋ፣ ለሕፃን ጡጦ እንደሚደረገው የእጇ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ ለካች፣ ማንኪያ ማንኪያ ስኳር አከለችበት። ከየእሽጉ ቆንጥራ ነሰነሰችበትና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

አዲሶቹ ከብርጭቆው ሥር ሰጥመው ግራጫ ጭቃ ሆነው ቀሩ። ካለፈባቸው አንደኛው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ላዩ ላይ ክሬም መሰል አረፋ አነሣ። ሁለተኛው አንገራገረ፤ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ጥቂት አረፋ ከዳር ዳር ብቅ አለ። ልጁ እሽጎቹን አንሥቶ ቀኑን ደግሞ አነበበ። ብርጭቆዎቹ ተቀያይረው እንደሆነ ጠየቀ። አልተቀያየሩም።

ሴትዮዋ ያለፈባቸውን ሁለቱን እሽጎች አንድ ላይ፣ አንድ ሊትር በሚሆን የቀዘቀዘ የብቅል ውሃ ውስጥ ጨመረችና እስከ ማግስቱ ማታ አቆየቻቸው። በሷ አነጋገር ጠነሰሰችው። ከሞቱት የተረፈውንም አልጣለችም፤ የቀረው የብቅል ውሃ እሳት ላይ ሲንተከተክ ከነዱቄቱ ገለበጠችበት።

«የሞተው ደሞ ምን ይሠራል?»

«ለሚኖረው ስንቅ ይሁነዋ!»

ያ ቢራ ተብላላ። ቶሎ አልነበረም፤ ጥንስሱ ከተጨመረ በኋላም ቡልቅታው የተሰማው ዘግይቶ ነው። ለእንቁጣጣሽ ሲቀዳ ትንሽ ሙዝ ሙዝ ይል ነበር። ከናጋድ ባቡር ጣቢያ የመጣ አንድ ጎረቤት አንድ ብርጭቆ ጨርሶ «ምንድን ነው የጨመራችሁበት?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ «ጊዜው ያለፈበት እርሾ» አለው። ጎረቤቱ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል።

ምሳሌው ይኸው ነው። ጥቂት ልፍታው።

በመጀመሪያ፣ እሽጉ ላይ ቀን ያተመው ፋብሪካ አልዋሸም። ቀኑን ሲያትም ከጎኑ በትንንሽ ፊደል ሌላም ነገር ጽፏል፦ ከ10 ዲግሪ በታች፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ቀኑ የተሰጠው በዚህ ውል ነው። ደረቅ እርሾ የሞተ ዱቄት አይደለም። ውሃው ተመጥጦ ጥቂት በመቶ ብቻ የቀረው፣ አንቀላፍቶ የተቀመጠ ሕይወት ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉ። ቅዝቃዜ ውስጥ ሲተኛ በዓመት የሚሞትበት ጥቂት ነው፤ ሙቀት ውስጥ ግን የሕዋሱ ሽፋን እየተጎዳ፣ ከተበጠበጠም በኋላ ውስጡን መያዝ እያቃተው ይሄዳል። እንግዲህ ፍሪጅ ውስጥ ለዓመታት የተኛው ብዙውን ሕይወቱን ይዞ ሲነሣ፣ ኮንቴይነር ውስጥ የከረመው በቀኑ ሳለ ሞተ። ልጁ ያነበበው ከውሉ ግማሹን ነበር።

በጥቂት ሕያዋን የተጀመረ ቢራ ለምን እንደሚበላሽም ግልጽ ነው። ጣፋጭ የብቅል ውሃ ለሁሉም የተዘረጋ ማዕድ ነው፤ እርሾው ቀድሞ ካልያዘው ሌላው ይይዘዋል። ሉዊ ፓስተር በ1876 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ የቢራ በሽታ የሚባለው ያልተጠሩ ተሐዋስያን ሥራ ነው። በ1883 ደግሞ ኮፐንሃገን ካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት ሕዋስ ብቻ ንጹሕ እርሾ አራብቶ ፋብሪካዎች በእሽግ እርሾ የሚተማመኑበትን ዘመን ከፈተ። ከዚያ በፊት የነበረው ጠማቂ ሁሉ፣ እንደ ካርቲየ 2ዋ ሴት፣ የሚያምነው ዓይኑ ያየውን አረፋ ነበር።

እኛ ጋ ይህ ፈተና ከአሠራሩ ውስጥ ተሰፍቶ ያለ ነገር ነው። ጠላ የሚጥል ሰው ጋኑን በግራዋ አጥቦ በወይራ ያጥናል፤ ጌሾውንና ብቅሉን በጥቂት ውሃ ይጠነስሳል፤ ቀናት ይጠብቃል፤ ጥንስሱ መነሣቱን በሽታውና በድምፁ ካላወቀ እህሉን አያባክንበትም። ጥንስስ ትንሽ ኪሳራ ከፍሎ ትልቁን ማዳኛ ነው። ሴትዮዋ ስለ ፈረንጅ ቢራ የምታውቀው አልነበረም፤ ቅደም ተከተል ግን ታውቃለች።

አሁን ከባልዲው እንውጣ። ጅቡቲ ከተማ በወረቀት የምትኖር ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ የባሕር ንግድ እጅግ የሚበዛው የሚያልፈው በሷ ነው፤ የሚያልፈውም በማኅተምና በቀን ነው። እዚህ የሚኖር ሐበሻም ሰውን በዚያው ዓይን ማየት ይለምዳል። የምሥክር ወረቀቱ የታደሰ፣ ያልታደሰ። ዕድሜው ለጡረታ የደረሰ፣ ያልደረሰ። ኢትዮጵያ ውስጥ በነርስነት ተመርቃ እዚህ የሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች እንበል፤ ዲፕሎማዋ ላይ የማብቂያ ቀን አልታተመበትም፣ ሁልጊዜ «ደህና» ነው። ሰባት ዓመት መርፌ ሳትነካ ስትኖር ዕውቀቷ የት ተቀምጦ ነበር? በሌላ በኩል ከድሮው የባቡር መስመር በጡረታ የወጣ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ያ መስመር በአዲሱ ኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል፤ አዲሱ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ ሲጀምር ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቀሱት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። አሮጌው ሰው ቀኑ አልፏል። ግን በየሳምንቱ ድሬዳዋ ጋራዥ እየሄደ ከሞተሮቹ ጋር ሲያወራ የከረመ ከሆነ፣ እሱ ፍሪጅ ውስጥ ነበረ።

አሮጌ ሁሉ ወርቅ ነው የሚል ካለ ምሳሌውን አልሰማም። ያለፈባቸው እሽጎች የዳኑት ስላረጁ አይደለም፤ አንድ ስሙ የማይታወቅ ፈረንጅ ስለጠበቃቸው ነው። አዲሶቹን የገደላቸውም ወጣትነታቸው አይደለም፤ ጠባቂ አጥተው ነው። ተመርቆ ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ወጣት ሲገጥመን «ምን ተማረ?» እንላለን እንጂ ሐምሌን የት እንዳሳለፈ አንጠይቅም። ወቀሳውን ከእሽጉ ወደ ኮንቴይነሩ ማዞር ከባድ ነው፤ ኮንቴይነሩ የኛ ሊሆን ይችላላ።

የሙዟን ጣዕምም አንርሳት። ሕዋሳቱ ጥቂት ሆነው ብዙ መራባት ሲኖርባቸው ቢራው ውስጥ የፍራፍሬ ሽታ ሊተዉ ይችላሉ። ከረጅም እንቅልፍ የተነሣ ሰው ሥራውን ይሠራል፤ በጀመረበት ሰሞን ግን ይዘገያል፣ ያልተጠበቀ ነገርም ያክልበታል። ቀጣሪው ይህን አውቆ ጥንስስ ካላበጀለት፣ ማለትም አስቀድሞ በአንድ ሊትር ካላለማመደው፣ በሦስተኛው ቀን ክዳን ከፍቶ «አልኩህ!» ይላል።

የሞተውን እርሾ ማፍላት ደግሞ የሴትዮዋ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። የውጭ አገር የቤት ጠማቂዎችም ጊዜው ያለፈበትን እሽግ የሚፈላው ድስት ውስጥ ይጨምራሉ፤ ሕዋሱ ሲፈርስ በውስጡ ያለው ናይትሮጅንና ቫይታሚን ለሚመጣው እርሾ ምግብ ይሆናል። የከሸፈ ሥራ ከነሰነዱ ሲጣል ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ድርጅት ሲዘጋ ፋይሉ ይቃጠላል፤ የሚቀጥለው ያንኑ ስሕተት በባዶ ሆዱ ይጀምረዋል።

ልጁ ግን መልስ አለው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። «አክስቴ፣ በቀን ስንት ኮንቴይነር እንደማስወጣ ታውቂያለሽ? ሁሉንም በብርጭቆ ልሞክር?» ልክ ነው። ቀን የተፈጠረው ለማይተዋወቁ ሰዎች፣ ሊቀምሰው የማይችለውን ብዛት ለሚያሳልፍ ሰው ነው። ጉምሩክ እያንዳንዱን ከረጢት እስኪያረፋ ቢጠብቅ አዲስ አበባ ዱቄት አይደርስም። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ሌላ ነው፤ የሞተ እርሾ ቢራ ያበላሻል፣ የሞተ መድኃኒት ሰው ያጠፋል፤ እዚያ ላይ ቀኑን የሚንቅ ሰው በዚህ ምሳሌ አይመካኝ።

የኔ ጥያቄ በዓመት ሁለት ሰው ለሚቀጥረው፣ አንድ ባልዲ ለሚጠምቀው ነው። እሱ እንደ ጉምሩክ ወረቀት ብቻ ሲገላልጥ ምን ብዛት አጣድፎት ነው? እንጀራ ጋጋሪ ሲቀጥር እኮ እንዲህ አያደርግም። ማንም ሰው ጋጋሪን ሰርተፊኬት ጠይቆ አያውቅም። ሊጥ ይሰጣታል፣ ምጣድ ፊት ትቆማለች፣ ሦስተኛው እንጀራ ሲወጣ ዓይኑን ያያል፤ ደመወዝ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛው፣ ለመካኒኩ፣ ለነርሷ ሲሆን ያቺን ግማሽ ቀን የሚነፍጋቸው ለምንድን ነው?